በሦስት ቀለም የጣናን ጨረቃ መሣል

እህቶቼ፣ መንፉሐ ሆነን የጣናን የጨረቃ ሌሊት ለመሣል ከደመወዛችን ብዙ አይጠፋም። ሦስት የዘይት ቀለም ይበቃል፦ ነጭ፣ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ እና ጥቁር ቡኒ።

ሰማያዊውና ቡኒው ሲደባለቁ ወደ ጥቁር ስለሚሄዱ ጥቁር አትግዙ። ሰማዩንና ውኃውን በዚሁ ሸፍኑ፤ ጨረቃዋ አጠገብ ትንሽ ነጭ ጨምሩበት። ንጹሑ ነጭ ለጨረቃዋና ልክ ከሥሯ ውኃው ላይ ለሚቆራረጠው ብርሃን ብቻ ይቆይ፤ ሌላ ቦታ ከበዛ ጨረቃዋ ትደበዝዛለች። ታንኳዋን በጥቁሩ ብቻ ሣሏት።

የዘይት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ይህ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ግሎ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የምንኖረው በሰው ቤት ነውና ጨርቁን ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ዘፍዝፋችሁ ክደኑት።