ተሠርቶና ተከራይቶ የሚቀርብ ቤት፦ የኩባንያ ታማኝነት በፊቅህ ሚዛን

በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባለው የባሌ ደጋ የቤት ኪራይ እንግዳ ነገር አይደለም። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች የሚከራዩትን ቤት ባለቤቱ ራሱ ሠርቶ፣ ተከራዩን በዓይኑ አይቶ፣ ኪራዩን በእጁ ይቀበላል። ዛሬ ግን ከስንዴና ከገብስ ሽያጭ፣ ከደመወዝ ወይም ከዓረብ አገር ልጅ ከላከው ገንዘብ ጥሪት የያዘ ሰው ሌላ ግብዣ ይቀርብለታል፦ «ገንዘቡን ስጠን፤ አዲስ አበባ ላይ ቤቱን እኛ እንሠራለን፣ እናከራያለን፣ ኪራዩን በየወሩ እንልክልሃለን»። ይህ ሰው ከመፈረሙ በፊት ኢማሙን «ኩባንያው ታማኝ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል።

«ባለቤቱ ሰጋጅ ነው» የሚለው መልስ ለዚህ ጥያቄ አይበቃም። በሱረቱል ቀሶስ 26ኛ አንቀጽ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እንዲቀጠር የመከረችው ሴት ብርታትንና ታማኝነትን አጣምራ ጠቅሳለች። ሥራውን የመፈጸም አቅም የሌለው ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም የሰው ገንዘብ ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ የሚመረመረው ውሉ ነው። ግብዣው አንድ ቢመስልም በውስጡ ሦስት ውሎች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ሑክም አለው።

የመጀመሪያው የግንባታ ውል ነው። በአገራችን የሚቀራው የሻፊዒይ ፊቅህ ኢስቲስናዕን ራሱን የቻለ ውል አድርጎ አይቆጥርም፤ በሰለም ሥር ያየዋል፤ በሰለም ደግሞ ዋጋው በውሉ መቀመጫ ሙሉ በሙሉ መከፈል አለበት። ሐነፊዮች ግን ፈቅደውታል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1412 ዓመተ ሂጅራ (1992 እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባሳለፈው 65ኛ ውሳኔ ኢስቲስናዕን አጽድቆ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ የተፈለገው ባሕርይውና የማስረከቢያ ጊዜው ተለይቶ እንዲታወቅ አስገድዷል፤ ክፍያው በየጊዜው እንዲፈጸምም ፈቅዷል። ለዘገየ ሠሪ መቀጫ ማኖርም ይቻላል፤ ገዢው ክፍያ ሲያዘገይ በዕዳው ላይ የሚጨመር ገንዘብ ግን ሪባ ነው። ከወረቀት በኩል የይዞታ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና ቦታው በባንክ ዕዳ አለመያዙ ይጠየቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1723ኛ አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አክሰስ ሪል እስቴት ከብዙ ገዢዎች ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ቤቶቹን ሳያስረክብ መቅረቱና ጉዳዩ መንግሥት ጣልቃ እስኪገባ መድረሱ፣ የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አሳይቷል።

ሁለተኛው ወካላ ነው። ኩባንያው ተከራይ ሲፈልግና ኪራይ ሲሰበስብ የባለቤቱ ወኪል ነው፤ በእጁ ያለውም አማና ነው። ካላጠፋ ወይም ቸል ካላለ አይጠየቅም። ክፍያው አስቀድሞ ይታወቅ፤ የኪራዩ ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች ለዚህ አሉ። ወኪሉ የገባውንና የወጣውን በደረሰኝ ያሳይ።

ትልቁ ፈተና «ቤቱ ቢከራይም ባይከራይም በየወሩ ይህን ያህል እንከፍላለን» የሚለው ቃል ነው። ለምሳሌ ቤቱ ገና መሠረቱ ሳይወጣ በወር 20,000 ብር «ኪራይ» ይከፈላል ቢባል፣ ጥቅም የሚሰጥ ቤት ስለሌለ ኪራይ የለም፤ የቀረው በተሰጠ ገንዘብ ላይ የሚከፈል ጭማሪ ነው። ወኪል ትርፍን ሲዋስም ወኪልነቱ ይፈርሳል። ቤቱ ተጠናቆ ባለቤቱ ከተረከበው በኋላ ኩባንያው ራሱ ተከራይቶ ለሌላ ቢያከራይ ግን፣ ቁርጥ ኪራይ መክፈሉ ትክክለኛ ኢጃራ ነው። ይህም ከግዢው ተለይቶ የሚፈረም እንጂ ለግዢው ቅድመ ሁኔታ የሚሆን ውል መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ከተከራዩ ጋር የሚደረገው ውል ነው። በአዲስ አበባ የሚሠራው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውሉ ተጽፎ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የኪራይ ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል ይወሰናል። ኪራዩን እንደ ልቡ እንደሚጨምር ቃል የሚገባ ኩባንያ በእጁ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

«ሳይደክሙ የሚገኝ ገቢ» የሚለው አባባልም ይመርመር። ለባለቤቱ ኪራዩን ሐላል የሚያደርግለት የቤቱን ጉዳት መሸከሙ ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስ ወይም ቤቱ ለወራት ባዶ ቢቀር ኪሳራው የእሱ ነው። ኪሳራ የሌለበት ትርፍ የሚያቀርብ ሰው የኪራይን መሠረት አፍርሷል።

ከዚህ በኋላ የኢማሙና የመምህሩ ድርሻ ግልጽ ነው። ጠያቂውን ሦስቱን ውሎች እንዲለይ ያስተምሩት፤ ወረቀቱን ወደ ሕግ ባለሙያ እንዲወስድ ያሳስቡት። የኩባንያን ስም ከሚንበር ላይ አያወድሱ፤ ሰው በማገናኘታቸው ክፍያ የሚያገኙ ከሆነም ለጠያቂው ሳይነግሩት አይምከሩት። የየቲሞችን ገንዘብ የያዘች እናት የምትፈርመው ኩባንያውን ስላወቀችው ሳይሆን ኢማሟን ስላመነች ሊሆን ይችላልና። ወላሁ አዕለም።