የካታላን የሕንፃ ጌጦች ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ምን ይጎድላቸዋል?

ባርሴሎናን የሚያስተዋውቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተማዋን የ«ሞደርኒዝም» መዲና ብሎ ከጠራት አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል። ካታላኖች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ያበበውን የጥበብ እንቅስቃሴያቸውን የሚጠሩት «ሞደርኒስሜ» ብለው ነው። ሁለቱ ቃላት በአጻጻፍ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። የሚጠሯቸው ሕንፃዎች ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

«ሞደርኒስሜ» አበባ፣ ቅጠልና የእንስሳት ቅርጽ የሞሉበት ስልት ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ በፈረንሳይኛ «አር ኑቮ» የሚባለው ነው። በእንግሊዝኛ «ሞደርኒዝም» ሲባል ግን የሥነ ሕንፃ ሰው የሚያስበው ጌጥን የተጠየፈውን፣ በብረት፣ በመስታወትና በቀጥተኛ መስመር የሚታወቀውን የኋላ ስልት ነው። ባርሴሎና ደግሞ የሁለቱም መገኛ ናት። ሉዊስ ዶሜኔክ ኢ ሞንታኔር የነደፈውና እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1908 የተጠናቀቀው የካታላን የሙዚቃ አዳራሽ በሴራሚክ ጽጌረዳዎችና በባለቀለም መስታወት አሸብርቋል። ጀርመናዊው ሚስ ቫን ደር ሮህ ለ1929ኙ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን እዚያው ከተማ ያቆመው ሕንፃ ግን በግድግዳው ላይ አንዲት የተቀረጸች አበባ እንኳ የለችም። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ተቃራኒዎችን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

«ትረንካዲስ» የሚለው ቃል ሌላ ዓይነት ወጥመድ አለው። ቃሉ የመጣው «መስበር» ከሚለው የካታላን ግስ ሲሆን፣ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ተርጓሚ «በቀላሉ የሚሰበር» የሚል ፍቺ ሊያገኝ ይችላል። በግንበኞች ዘንድ ግን ቃሉ የሥራ ስም ነው፤ የተሰባበረ ሴራሚክና ሳህን እየገጣጠሙ ገጽን የመሸፈን ሙያ። እንግሊዝኛው ብዙውን ጊዜ «ሞዛይክ» ብሎ ያልፈዋል። ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ያስቀራል። የሮማውያን ሞዛይክ ሠሪ ጠጠሩን ለሥራው ብሎ በልክ ይቆርጥ ነበር፤ የባርሴሎናው ግንበኛ ግን የሚመራው ስብርባሪው ራሱ በያዘው ቅርጽ ነው።

ይህም ለውበት ብቻ ተብሎ የተደረገ አልነበረም። ዝርግና አራት ማዕዘን የሆነ ሴራሚክ በተጠማዘዘ ገጽ ላይ አይተኛም፤ ሲሰባበር ግን ይታዘዛል። በፓርክ ጉዌል እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ረጅም አግዳሚ ወንበር የለበሰው በዚህ ዘዴ ነው፤ ሥራው የአንቶኒ ጋውዲና የባልደረባው የጁዜፕ ማሪያ ጁጆል ነው። በአማርኛ «የገል ጥልፍ» ቢባል ከ«ሞዛይክ» የተሻለ ሥራውን ያሳያል። ልዩነቱ የሚመለከተው ጎብኚን ብቻም አይደለም። በእድሳት ሰነድ ላይ «ሞዛይክ» የሚል ቃል ያነበበ የውጭ ባለሙያ በልክ የተቆረጡ አዳዲስ ቁርጥራጮች ቢያዝ ማን ይፈርድበታል?

«ኤስግራፊያት» የሚባለው፣ የላይኛውን ልስን በመፋቅ የሥሩን ቀለም የሚያወጣው የግድግዳ ጌጥ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገረው «ስግራፊቶ» በሚል የጣሊያንኛ ስም ነው። ሆኖም ብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ይህን ቃል የሚያውቁት ከሸክላ ሥራ ጋር ነው። ያለ ችግር የተሻገረም አለ፤ ድንገት ተወርውሮ የሚታጠፈው መስመር በካታላንም፣ በፈረንሳይኛም፣ በእንግሊዝኛም ስሙ ከጅራፍ ምት የተወሰደ ነው።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ ላይ የሚሳለውን «ሐረግ» በእንግሊዝኛ የሚያጠኑ ሊቃውንት ቃሉን እንዳለ ይጽፉታል። የተክሉን ስም ብቻ ተርጉመው ቢያስቀምጡ ኖሮ የተጠላለፈው የቀለም ጥለት ከአንባቢው ይሰወር ነበር።

የካታላን ቃላት ግን እንግሊዝኛ ዘንድ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ በስፓኒሽ በኩል ነበር። ከ1939 እስከ 1975 በዘለቀው የፍራንኮ አገዛዝ ካታላን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተገፍቶ ቆይቷል፤ በቆዩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም ጋውዲ «አንቶኒዮ» ተብሎ ይገኛል። ዩኔስኮ በ1984 ሦስት ሥራዎቹን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ፓርኩን የጠራው «ፓርኬ ጉዌል» በሚለው የስፓኒሽ ስም ነበር። በ2005 አራት ሥራዎች ሲታከሉ ርዕሱ «የአንቶኒ ጋውዲ ሥራዎች» ሆነ፤ የሰውየው ስምም በካታላን አጻጻፍ ሰፈረ።