በውሃ ውስጥ የቤት ቦታ አመራረጥ፦ የሰብናውቲካ ቤዝ

ሰብናውቲካ ከጠፈር መርከብ አደጋ የተረፈ አንድ ሰው፣ ውሃ በሸፈናት ፕላኔት ላይ ነፍሱን ለማቆየት የሚታገልበት የቪዲዮ ጌም ነው። የሠራው አንኖውን ወርልድስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ጌሙን በዲሴምበር 2014 ገና ሳያልቅ ለገበያ አቀረበው፤ ሙሉው የወጣው ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጌሙን ያለ ችግር ለማጫወት ደህና የግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። 

ጌሙን ከብዙ መሰሎቹ የሚለየው ጠመንጃ የሌለው መሆኑ ነው። ዳይሬክተሩ ቻርሊ ክሊቭላንድ እዚህ ውሳኔ ላይ የደረሰው በዲሴምበር 2012 በኮነቲከት፣ በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ ነው። ተጫዋቹ ቢላዋ አለው፤ አውሬን ለጊዜው የሚያደነዝዝ ወይም የሚገፋ መሣሪያም ኋላ ላይ ያገኛል። ሃምሳ ሜትር ርዝመት ያለውን አውሬ በእነዚህ ልግደል ማለት ግን የማይሞከር ነው። መዋጋት ካልተቻለ ደግሞ የሚቀረው የት እንደሚኖሩ ማወቅ ነው። በሌሎች ጌሞች የመሣሪያ ምርጫ የያዘውን ቦታ በሰብናውቲካ የቤዝ ቦታ ምርጫ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤዝ ማለት ተጫዋቹ ከባሕሩ ወለል ላይ የሚገጣጥመው ቤት ነው። ጌሙ ሲጀመር ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ የሚቆየው 45 ሰከንድ ብቻ ነው፤ መደበኛው የኦክስጅን ሲሊንደር ሲጨመርበት 75 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በላይ ለመሥራት ወደ ላይ እየወጡ አየር መሳብ ግድ ነው፤ ያለበለዚያ በቅርብ የሚገባበት ቤት መኖር አለበት። የመጀመሪያዋ ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ቱቦ መሳይ ክፍል፣ ከአንድ መግቢያና ከላይዋ ከተተከለ አንድ የፀሐይ ፓነል አታልፍም። ግንባታው የሚከናወነው እንደ ሽጉጥ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ነው፦ የክፍሉ ቅርጽ በብርሃን ተሥሎ ውሃው ላይ ይታያል፤ ቦታው ከተስማማ አረንጓዴ፣ ዐለት ወይም ሌላ ነገር ከነካ ቀይ ይሆናል። ተጫዋቹ ሲጫነው በኪሱ የያዘው ታይታኒየም ተራ በተራ እየተቀነሰ ግድግዳው ይቆማል። ውሃ የሌለበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሲሊንደሩ ቁጥር ወደ ሙሉ ሲመለስ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጌሙ ትልቁ ደስታ ነው።

ይህ አየር የሚኖረው ግን ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ቤዝ ደረቅ ቢሆንም ኦክስጅን አይሰጥም። ስለዚህ ለአንድ ቦታ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ኃይሉ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የፀሐይ ፓነል ርካሽ ነው፤ ኳርትዝ፣ ታይታኒየምና መዳብ ይበቃዋል። አንዱ ፓነል የሚያጠራቅመው 75 የኃይል አሃድ ነው፤ ሌሊት አያመነጭም፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥርም ምርቱ እየመነመነ ወደ 200 ሜትር ገደማ ሲደርስ እርባና አይኖረውም። ባዮሪአክተር ዓሣና ተክል እየበላ ያመነጫል፤ በየትኛውም ጥልቀት ይሠራል፤ ተጫዋቹ ግን እየተመላለሰ ሊያጎርሰው ይገባል። ኒውክለር ሪአክተር 2500 አሃድ ይይዛል፤ ዩራኒየሙ እስኪሰበሰብ ግን ጌሙ ወደ ማለቁ ይሆናል።

ከሁሉም የሚሻለው በፍል ውሃ ሙቀት የሚሠራው ማመንጫ ነው። ከባሕሩ ወለል ሙቀት በሚፈልቅባቸው ስንጥቆች አጠገብ ይተከላል፤ ውሃው በሞቀ መጠን ፈጥኖ ያመነጫል፤ ሌሊት አያውቅም፤ ነዳጅም አይጠይቅም። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት፣ ቤቱ ራሱ ፍል ውሃው ላይ መቀመጥ የሌለበት መሆኑን ነው። ከወርቅና ከታይታኒየም የሚሠሩ የኃይል ማስተላለፊያዎች እየተቀባበሉ ኤሌክትሪኩን ሩቅ ድረስ ያደርሱታል። ማመንጫውን ከሙቀቱ አጠገብ፣ ቤቱን ራቅ አድርጎ ሜዳ ላይ መትከል ለሁለቱም ይበጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥልቀት ነው። እያንዳንዱ ቤዝ የግድግዳ ጥንካሬ የሚለካበት ቁጥር አለው፤ ከ10 ይጀምራል። አዲስ ክፍል፣ በተለይም መስኮትና መስታወት፣ ከቁጥሩ ላይ ይቀንሳል፤ ጥልቀት ሲጨምር የሚቀነሰውም ይበዛል። ከታይታኒየምና ከሊቲየም የሚሠራ የግድግዳ ማጠናከሪያ 7 ይጨምራል፤ ከሥር የሚነጠፍ መሠረትም የበኩሉን ያክላል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ግድግዳው እየጮኸ ይሰነጠቃል፤ ውሃው ወለሉን ሞልቶ ጉልበት፣ ከዚያ ደረት ይደርሳል። ያን ጊዜ መጠገኛውን ይዞ ስንጥቁን ፍለጋ መሮጥ ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ ባለ መስታወት አዳራሽ መሥራት የሚያምራቸው ተጫዋቾች ይህን አንድ ጊዜ ሳያዩት አይቀሩም።

በገሃዱ ዓለም ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ በ1963 ከሱዳን የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት፣ በቀይ ባሕር ሻብ ሩሚ በተባለው ሪፍ ላይ የተከለው ኮንሼልፍ ሁለት የተባለ የሰው መኖሪያ በ10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነበር። የቤቱ አየር ግፊት ከውጭው ውሃ ግፊት ጋር እኩል ስለሆነ ግድግዳው ጫና አልነበረበትም፤ ጫናው በነዋሪዎቹ ደም ላይ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1965 ከካሊፎርኒያ ላ ሆያ ፊት ለፊት፣ በ62 ሜትር ጥልቀት ያሰፈረው ሲላብ ሁለት የተባለ መኖሪያ ደግሞ የቦታ ምርጫን ጣጣ በደንብ ያሳያል። ቤቱ ያረፈው ተዳፋት ላይ ነበርና ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ነዋሪዎቹም በቀልድ የዘመመ ሂልተን አሉት። በሰብናውቲካ መሠረቱ እግሮቹን እንደ ዐለቱ አቀማመጥ ስለሚያረዝም ወለሉ ሁልጊዜ ልክ ነው። ጌሙ ለተጫዋቹ ከሚያደርጋቸው ውለታዎች አንዱ ይህ ነው።

ሌላው ውለታ አውሬዎቹ ቤቱን የማያፈርሱ መሆናቸው ነው። ስለ ጎረቤት መጨነቅ ግን አይቀርም፤ በሩ ላይ ሪፐር የተባለው ግዙፍ አውሬ የሚዞርበት ቤት እስር ቤት ነው። ሪፐሮች የሚበዙት ዱንስ በተባለው አሸዋማ ወለል፣ በተራራማው ክልልና ኦሮራ የተባለችው የጠፈር መርከብ በወደቀችበት ዙሪያ ነው። የመርከቧ አካባቢ ሌላም መዘዝ አለበት፦ ሞተሯ ከፈነዳ በኋላ ውስጧ ገብቶ ስንጥቆቹን የሚጠግን እስኪገኝ ድረስ ጨረር ታፈሳለች። ታይታኒየም ስላለ ብቻ እዚያ አጠገብ መስፈር ጥቅም የለውም፤ የመርከቧ ስብርባሪ በሌላውም ቦታ ሞልቷል።

ምግብና ውሃ ከሚታሰበው ያነሰ ክብደት አላቸው። መጀመሪያ ላይ ለምግብ ፒፐር፣ ለመጠጥ ውሃ ብላደርፊሽ የተባሉ ዓሦች የሚበዙበት ቦታ መቅረብ ያስፈልጋል። ኋላ ግን ቤት ውስጥ መደብ አበጅቶ ሐብሐብ መሰል ፍሬ መትከል ይቻላል፤ ማጣሪያ ማሽኑም ከባሕሩ ውሃ የሚጠጣ ውሃና ጨው ያወጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን አብዝቶ ይበላል። የማዕድኑ ነገር ይለያል። ታይታኒየምና መዳብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይለቀማሉ፤ ማግኔታይት ጄሊሽሩም በተባለው ዋሻ፣ ኒኬል ሎስት ሪቨር በተባለው የምድር ውስጥ ወንዝ፣ ካያናይት ደግሞ ከዚያ ታች ባለው የላቫ ክልል ነው። የጌሙ መንገድ ወደ ታች ነው፤ ቤትም መቅረብ ያለበት ወደ ታች ለሚያወርደው በር ነው።

በካርታው ላይ ጎልተው የሚታዩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ጨዋታው የሚጀመርበት ሴፍ ሻሎውስ ብርሃን አለው፤ ዓሣ አለው፤ አውሬ የለውም ለማለት ይቻላል። ወለሉ ግን የተቆራረጠና ዋሻ የበዛበት ነው፤ ለትልቅ ቤት አይመችም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቀይ ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ግራሲ ፕላቶስ፣ ለጥ ያለ ነው። የፀሐይ ፓነል አሁንም ይሠራበታል፤ የመርከብ ስብርባሪም አለው። ለመጀመሪያ ቤት የሁለቱን ድንበር የሚያህል የለም። ከጥልቆቹ ግራንድ ሪፍ ፍል ውሃ ስላለው ይመረጣል። ለመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በሎስት ሪቨር ውስጥ ግዙፍ ዛፍ የቆመበት ሰፊ ዋሻ አለ፤ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ላይ ሆኖ ትልቅ አዳኝ የለበትም፤ ሳይክሎፕስ የተባለው ትልቁ ሰርጓጅ መርከብም ዘልቆ ይገባል። ከጌሙ ቦታዎች ሁሉ ውቡም ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጌሙ ደራሲዎች ለዚህ ሁሉ ትምህርት መስጫ አድርገው የተዉት ነገር አለ። ደጋሲ ከተባለች ቀደም ብላ ከወደቀች መርከብ የተረፉ ሰዎች የሠሯቸው ሦስት ቤዞች ፍርስራሻቸው ይገኛል፦ አንዱ በተንሳፋፊው ደሴት ላይ፣ ሁለተኛው በ250 ሜትር በጄሊሽሩም ዋሻ፣ ሦስተኛው በ500 ሜትር በግራንድ ሪፍ ጥልቀት። ተጫዋቹ የሚከተለው የእነሱን ዱካ ነው፤ ቤዞቹም ነዋሪዎቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች እንደወረዱ ይመሰክራሉ።

ቦታ መቀየር በዚህ ጌም ኪሳራ የለውም። የተሠራ ክፍል ሲፈታ የፈጀው ዕቃ በሙሉ ይመለሳል። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ ከተማ ስሟን የወሰደችበት የስፔን ሚሲዮን ይህ ዕድል አልነበረውም፦ በጃንዋሪ 1777 በጓዳሉፔ ወንዝ አጠገብ ተመሠረተ፤ ጎርፍ ገፍቶ አስነሣው፤ ከዚያም በኋላ ቦታ ሲቀያይር ቆይቶ በ1825 ዛሬ የሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ ተተከለ፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ሥራው እንደ አዲስ ነበር። ለሰብናውቲካ ተጫዋች እንግዲህ የሚበጀው አንድ ቦታ ላይ ቤተ መንግሥት ማነጽ አይደለም። ከቀዩ ሜዳ ዳር ትንሽ ቤት ሠርቶ መጀመር፣ የፍል ውሃ ማመንጫው ሲገኝ ወደ ግራንድ ሪፍ መውረድ፣ ሳይክሎፕሱ ሲጠናቀቅ ደግሞ ከዛፉ ዋሻ መስፈር ነው።