ሉቻኖ ወይስ መንግሥቱ?

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ አናት መብሳት ስትጀምር ከተማው ወደ ጥላ ይገባል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ይቀመጣል፤ ሌላው ቤት ገብቶ ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል፤ የአወዳይ ጫት ይፈታል፤ ሻሂው ይፈላል። ጨዋታ የሚደራው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን መጋላ ሰፈር ውስጥ በተቀመጥንበት ቤት ወሬው በቦክስ ተነሣ። በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሰው ልጅ ስልኩን አውጥቶ፣ ሜይዌዘር 50 ጊዜ ገጥሞ 50ውንም አሸንፏል፣ ስለዚህ እስከዛሬ ከተፈጠሩት ቦክሰኞች ሁሉ አንደኛው እሱ ነው አለ።

«ዋርያ! ክሌይ ባለበት?» አሉ ጥግ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ።

እኚህ ሰው ጉልበታቸውን በጥጥ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ጨርሰው በጡረታ የወጡ ናቸው። መሐመድ አሊ ስሙን ከቀየረ ስንት ዘመኑ፤ ለእሳቸው ግን ዛሬም ክሌይ ነው።

«አሊ እኮ አምስት ጊዜ ተሸንፏል ጋሼ።»

«ከነማን ጋር ተጋጥሞ? ከሊስተን፣ ከፍሬዘር፣ ከፎርማን ጋር ነው የኖረው። አንተ ቁጥሩን አየህ፤ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው መች አየህ?»

ልጁም ሽማግሌውም ያነሡት ነገር ቦክስ ወዳዱን ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ሜይዌዘር ዕድሜውን ሙሉ ከ70 ኪሎ ሳያልፍ የተጋጠመ ሰው ነው። አሊ ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን ሲገጥም 98 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሁለቱን አንድ መድረክ ላይ ማቆም ፍርድ አይሆንም። ለዚህ ነው የቦክስ ሰዎች «ፓውንድ ለፓውንድ» የሚባለውን መለኪያ የያዙት። ሁሉም እኩል ክብደት ቢኖራቸው ኖሮ ማን ይበልጥ ነበር ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። አነጋገሩ ከሁሉም በላይ ከሹገር ሬይ ሮቢንሰን ስም ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ «ከሁሉ እበልጣለሁ» ሲል የኖረው አሊ ራሱ እንኳ በዚህ ሚዛን ለሮቢንሰን ቦታውን ይለቅ ነበር።

ጉዳዩን በማሽን ለመጨረስም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ አሜሪካዊ አዘጋጅ 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈውን ሮኪ ማርሲያኖንና አሊን ማያሚ ላይ ካሜራ ፊት አቁሞ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አስቀረጸ፤ ውጤቱን ኮምፒውተር ይወስናል ተባለ። ማርሲያኖ ቀረጻው ባለቀ በሳምንታት ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጥር 1970 አሜሪካ ውስጥ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ዘረረ። አውሮፓ ውስጥ የታየው ቅጂ ላይ ደግሞ ያሸነፈው አሊ ነው። ኮምፒውተሩም እንደ ሰው ሰፈር ነበረው ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው አልሳቁም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እኛም አገር እንዲሁ ነው የሆነው» አሉ። «ሉቻኖና መንግሥቱ ላይ።»

ከዚያ በኋላ ቦክስን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ክርክሩ ከሁለቱ የብሔራዊ ቡድን ኳስ ተጫዋቾች የትኛው ይበልጣል ወደሚለው ዞረ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የሆነውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ኳስ ወዳድ ያለ አይመስለኝም፤ ግን ዝርዝሩን ልብ ብሎ ማየት ለዚህ ክርክር ያስፈልጋል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ግብጽ በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ። ደስታው ሳይበርድ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ ባዳዊ ደገመ። ሰዓቱ እየሮጠ ነው። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገረ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው።

የመንግሥቱ ወገኖች ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከአራተኛዋ ጎል ነው፤ ዋንጫውን ያጸናችው እሷ ናት ይላሉ። ቁጥርም ያግዛቸዋል። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል አግብቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ አንድም ኢትዮጵያዊ እዚያ ቁጥር አልደረሰም። ስሙ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ተለይቶ አይነሣም። መጫወቱን ካቆመ በኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ ውድድር ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ2003 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አለቀሰለት። ይገባዋል።

የድሬ ሰው መልስ ግን የሚጀምረው ከ84ኛው ደቂቃ ነው። ያቺ ጎል ባትኖር ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ዋንጫው ወደ ካይሮ ይሄድ ነበር፤ አራተኛዋ ጎል የምትገባበት ሰዓት ራሱ አይኖርም ነበር።

ድሬ ለሉቻኖ የምትቆረቆረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው የተወለደው አስመራ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። ኳስን የተማረው እዚያው ነው። ድሬዳዋ ያገኘችው ለጥጥ ማኅበር ሲጫወት ነው። ጥጥ ማኅበር የሚለውን ስም ዛሬ የሚሰማ ልጅ የሸቀጥ መጋዘን ሊመስለው ይችላል። ያኔ ግን በጣሊያን ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ ጠዋት ማሽን ላይ የቆመ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብለት ቡድን። በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ ወደዚህ ከተማ አምጥቷል። የአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ከመላ አህጉሩ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገብቶ፣ አክራ ድረስ ሄዶ፣ በግማሽ ፍጻሜ በማሊው ስታድ ማሊየን ተሸንፎ ወጥቷል። አንድ የክፍለ ሀገር ፋብሪካ ቡድን እዚህ መድረሱን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ስለዚያ ጉዞ ስንት ገጽ ተጽፏል? እኔ አንብቤ የጠገብኩት የለም።

«ሉቻኖ ምን ቦታ ነበር የሚጫወተው?» አለ ልጁ።

ሽማግሌው ከፊታቸው ያሉትን ሲኒዎች ሰበሰቡ። አንዷን ደፍተው ምንጣፉ መሃል አስቀመጡ፤ ሉቻኖ እሷ ናት። ሌሎቹን ከፊትና ከኋላ ደረደሩ። ከዚያ የተደፋችውን ሲኒ በሁለት ጣታቸው እየገፉ ወደ ኋላ አወረዷት፤ ተከላካዮቹ መሃል ገባች። ወደ ግራ ወሰዷት። መልሰው ወደ ፊት አወጧት፤ አጥቂዎቹን አልፋ ስኳር ዕቃው ጋ ደረሰች። ጎሉ የስኳር ዕቃው ነበር። «እዚህም ነበር፣ እዚህም ነበር» አሉ። «ቦታው የት እንደሆነ አንተ ንገረኝ።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የአጥቂ ሥራ በቁጥር ይያዛል። ጎል ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ከ60 ዓመት በኋላ ልጅ ስልኩ ላይ ያገኘዋል። መሃል ሆኖ ቡድን የሚሸከም፣ ሲያስፈልግ ኋላ ወርዶ የሚከላከል፣ ሲመች ወጥቶ የሚያገባ ሰው ግን ሥራው አብዛኛው አይጻፍም። ሁለቱን በጎል ብዛት ማወዳደር ሜይዌዘርንና አሊን በአንድ ሚዛን እንደማውጣት ነው። ፓውንድ ለፓውንድ የሚለው መለኪያ ለኳስም ካገለገለ፣ ጥያቄው መሆን ያለበት ሁለቱ ቦታ ቢቀያየሩ ምን ይሆን ነበር የሚለው ነው። ሉቻኖ የመንግሥቱ ቦታ ቢሰለፍ ብዙ ያገባ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ከመሃልም ሆኖ ከመንግሥቱ ብዙም ሳይርቅ ነው የጨረሰው። መንግሥቱ የሉቻኖን ሥራ ይሠራው ነበር ወይ? እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ እኔ ሉቻኖን አስቀድማለሁ። ይህን ስል የድሬ ልጅነቴ ከኋላዬ እንደሚገፋኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፍርዴ ይኸው ነው።

ነገር ግን አብዛኛው አገር ለምን በተቃራኒው ደመደመ? ከሜዳው ውጭ የሆነውን ሳይነኩ ይህን መመለስ አይቻልም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ዋንጫው ከመጣ ሦስት ዓመት ቆይቶ። የ1954ቱን ጨዋታ ስታዲየም ገብቶ ያላየ ሰው ሁሉ በሬዲዮና በወሬ ነው ያወቀው። ወሬ ደግሞ ተራኪ ይፈልጋል። መንግሥቱ አገሩ ነበር፤ ያሠለጥናል፣ ይጠየቃል፣ መንገድ ላይ ይታያል፣ ልጆች በጣት ያሳዩታል። ሉቻኖም ለጥቂት ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ፤ ከዚያ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ቀሪ ዘመኑን ጣሊያን ኖረ፣ በመካኒክነት ሠራ፣ የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ጻፈ። ያ መጽሐፍ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ የስንቱን ሰው ሐሳብ ያስቀይር ነበር። በደርግ ጊዜ ስለሸሸ ሰው በየአደባባዩ ማውራት ደግሞ ለተናጋሪውም አይበጅም ነበር። አንድ ትውልድ ስሙን ሳይሰማ አደገ። ሉቻኖ ሁለተኛ የተባለው ያኔ ነው፤ ደረጃውን የወሰነው ኳስ አይደለም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን፣ ሰው አገር አረፈ።

የሽማግሌውን ቃል ከስልኩ ቁጥር የማስበልጠው ሌላም ምክንያት አለኝ። የካቲት 1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ላይ ሲደረግ አንደኛው ምድብ ድሬዳዋ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጫወቱ። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና ነው የመጣችው፤ አሊና ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ከተጋጠሙ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ናይጄሪያ 4 ለ 2 አሸነፈቻት። ከዚህ ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ በኋላ ዋንጫውን ወሰደች፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው አህመድ ፈራስ ነበር። ሽማግሌው ከፋብሪካው ፈረቃ ተቀያይረው ስታዲየም ይገቡ ነበር። ሉቻኖን በወጣትነታቸው፣ ፈራስን በጎልማሳነታቸው፣ ሁለቱንም እዚሁ ከተማ አይተዋል። «ፈራስ ጥሩ ነው» አሉ። «ጎል ፊት ሲቆም ያስፈራል። ሉቻኖ ግን ኳሷ ሳትደርሰው ዞሮ ሰው ያይ ነበር። ይህን ፈራስ ላይ አላየሁም።» ይህ ዓይነቱ ምስክርነት በሰንጠረዥ አይወጣም፤ የሚመሰክሩት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ፀሐይዋ ስትበርድ ሽማግሌው ተነሥተው ጓዳ ገቡና በጋዜጣ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘው ተመለሱ። ጥቁርና ነጭ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች፣ ስድስቱ ቆመው፣ አምስቱ በርከክ ብለው፣ ከኋላቸው የፋብሪካው ግንብ። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ተጠጋ።

«ሉቻኖ የቱ ነው?»

ጣታቸውን አስቀመጡበት። ከዚያ ከግራ ጀምረው የሌሎቹን ስም መጥራት ያዙ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ሰፈር ይኖር እንደነበር፣ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ እየነገሩን ስምንተኛው ላይ ደረሱና ቆሙ። ፎቶውን ገለበጡት። ጀርባው ላይ በብዕር የተጻፈ የስም ዝርዝር ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከተማውን የጠረገው ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ ነበርና ቀለሙ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ሆኗል። እዚህም እዚያም አንዳንድ ፊደል ይነበባል።

መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ ያዙት። አንድ «ገ» ለዩ፣ አንድ «ተ»። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች ስም ግን ማንበብ አልቻሉም፤ ማስታወስም እንዲሁ።

«ይኼኛው በረኛው ነው» አሉ አንዱን እያዩ። «በረኛው ነው። ስሙ...»

ልጁ ፎቶውን ከፊትም ከኋላም በስልኩ አነሣው፤ እሳቸው ገና መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር።