አረቄ በድንገት ሲቋረጥ ስለሚነሣው ሕመም

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ አረቄ የሚወደስበት ዋና ምክንያት ብርዱ ነው። ማለዳ ወደ ሥራ የሚወጣውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም፣ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛም አንድ መለኪያ የሚጠጣው «ለማሞቂያ» ነው ይባላል። ነገሩ ግን እንደሚባለው አይደለም። አረቄ በቈዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሰውነት ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጠጪው ሞቀኝ የሚለውም ከውስጡ እየሸሸ ያለውን የገዛ ራሱን ሙቀት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ወር ልንጽፍበት ያሰብነው ስለ ብርዱ አይደለም፤ ብዙ ዓመት አረቄ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንድ ቀን «ከእንግዲህ በቃኝ» ብሎ በድንገት ሲያቆም ስለሚደርስበት ሕመም ነው። ይኸ ሕመም ሰው ይገድላል። ሕክምናው የታወቀና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ በየቤቱና በየሠፈሩ ሌላ ስም እየተሰጠው ብዙዎች ሳይታከሙ ይቀራሉ።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አረቄ በአንጎል ላይ የሚሠራውን እንመልከት። ጠላ ከመቶው ጥቂት እጅ፣ ጠጅ ዐሥር እጅ ያህል አልኮል ሲኖርበት፣ ሁለት ጊዜ የነጠረው ዳግም አረቄ ግን እስከ 45 እጅ ይደርሳል። አልኮል የአንጎልን ሥራ ያደበዝዛል፤ ፍርሃትን ያበርዳል፤ ያስተኛል። አንጎልም በበኩሉ ዝም ብሎ አይገዛም፤ ሥራው እንዳይቆምበት በየቀኑ ከሚመጣበት ማደንዘዣ ጋራ እየታገለ፣ የሚያነቃቃውን ኀይሉን ቀስ በቀስ ያበረታል። የለመደ ጠጪ ብዙ ጠጥቶ ሳይንገዳገድ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኞቹ «እገሌን አረቄ አይጥለውም» እያሉ ያደንቁታል፤ በእውነቱ ግን ሊታዘንለት የሚገባው ያን ጊዜ ነበር። ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ አንደኛው በድንገት ቢለቅ ሌላው ወደ ኋላው እንደሚወድቅ ሁሉ፣ አረቄው በአንድ ቀን ሲቀር ለዓመታት ሲጐትት የኖረው አንጎል የሚይዘው አጥቶ ይናወጣል።

ሕመሙ የራሱ ሰዓት አለው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ግማሽ ቀን ሳይሞላ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ትርታና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። ብዙው ሰው በዚሁ ያልፍለታል። በአንዳንዱ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ኖሮበት የማያውቅ፣ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንፈራገጥ ይመጣበታል። በሦስተኛው ቀን ግድም፣ ቤተ ሰቡ «እንግዲህ ተሻለው» ማለት ሲጀምር፣ እጅግ የከፋው ሊከተል ይችላል፤ በሽተኛው ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል፤ በግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፤ ከሌለ ሰው ጋራ ይነጋገራል፤ ይጮኻል፤ ሰውነቱም በትኵሳት ይግላል። በቂ ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ከዚህ ደረጃ ከደረሱት ከሦስቱ አንዱ ያህል ይሞት ነበር። ዛሬ በጊዜው ከታከሙት መካከል የሚሞተው ከመቶ ከአምስት ያነሰ ነው።

ይኸንን ሰው በሦስተኛው ቀን ያየ ጎረቤት ምን ይላል? «ለከፈው» ይላል። ከሌለ ነገር ጋራ ሲነጋገር ዐይቶታልና ሌላ ሊል አይችልም። ከዚያም በሽተኛው በገመድ ይታሰራል፤ በጨለማ ክፍል ይዘጋበታል፤ ይኸም ፍርሃቱንና ቅዠቱን ያብስበታል። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ መጠጡን የተወው በበጎ ሐሳብ መሆኑ ነው። ጾም ሲገባ ለነፍስ አባቱ ቃል ሰጥቶ፣ ወይም በሚስቱና በልጆቹ ልመና ተነሥቶ፣ በሰሜን ሸዋ ወደ ታወቁት ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይሄዳል። እዚያም መጠጡን ባቋረጠበት በዚያው ቀን እህልም ይቀንሳል። ብዙ ዓመት አረቄ የጠጣ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ቢ1 የተባለው ቫይታሚን የጐደለው ነው፤ ጾሙ ሲጨመርበት ዐይኑ ይንቀዋለላል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ የማስታወስ ኀይሉም ላይመለስ ሊጠፋ ይችላል።

ይኸንን ስንጽፍ ጠበልን ለመንቀፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል የሚገኙት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋራ አብረው እንዲወስዱ መክረው እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ለአረቄም ሕሙማን ይኸው መንገድ ይበጃል ብለን እናምናለን፤ አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ጥቂት ቀን መታከም፣ ሰውነት ሲረጋጋ ደግሞ ወደ ጠበሉ መሄድ።

ሐኪሞችም ራሳቸው ነገሩን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። (በዚህ ክፍል የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሰተን ስለዚህ ቅዠት በ1813 ዓቢይ ጽሑፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ግን አንዳንዱ ከረኀብና ከቫይታሚን እጦት ነው ሲል፣ ሌላው ከመጠጡ መርዝነት ነው ሲል፣ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ። በ1955 በአሜሪካ በሌክሲንግተን ከተማ ሐሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ክርክሩን ጋብ አደረገው። ለዐሥር ሰዎች ምግባቸውን አሟልተው እየሰጡ በየቀኑ አልኮል አጠጧቸው፤ ከእነርሱ ስድስቱ ከ48 እስከ 87 ቀን ከጠጡ በኋላ በድንገት ሲቋረጥባቸው ሁለቱ ተንፈራገጡ፣ ሦስቱ ቃዡ። ሰዎቹ ጠግበው ይበሉ ስለ ነበር፣ ሕመሙን ያመጣው ረኀቡ ሳይሆን መጠጡ መቋረጡ መሆኑ ታወቀ። (ሰዎቹ እስረኞች ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ጥናት ዛሬ አይፈቀድም፤ በእኛ አስተያየት ያን ጊዜም ሊፈቀድ አይገባም ነበር።) በ1969 ደግሞ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ537 ሕሙማን ላይ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ተወዳድረው፣ መንፈራገጥንና ቅዠትን በመከላከል ክሎርዳያዜፖክሳይድ የተባለው በለጠ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ዲያዜፓም የዚሁ መድኃኒት ወገን ነው።

ሕክምናው እንግዲህ ይኸው ነው። ዲያዜፓም ለአንጎል የአረቄውን ቦታ ለጊዜው ይይዝለትና፣ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ይቆማል፤ ገመዱ በድንገት ሳይሆን ቀስ ተብሎ ይለቀቃል ማለት ነው። ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ይሰጣል፤ ግሉኮስ የሚያስፈልግ ከሆነም ቢ1ን ያስቀድማሉ። መድኃኒቱን ከመደብር ገዝቶ በቤት መዋጥ ግን ትልቅ አደጋ አለበት፤ ከአረቄ ጋራ ሲገናኝ እስትንፋስን ሊያቆም ይችላል፤ በዘፈቀደ ለረጅም ጊዜ የዋጠውም ሰው በተራው ሱስ ያስይዘዋል።

ይኸ ሁሉ የሚመለከተው በዓመት በዓልና በማኅበር ቀን ብቻ የሚቀምሰውን ሰው አይደለም። ሰውየው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመለየት አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኢዊንግ ያዘጋጃቸው አራት ጥያቄዎች በአገራችንም በቡታጅራ ለተደረገው ጥናት አገልግለዋል፤ መጠጥ መቀነስ ይገባኛል ብለው ያውቃሉ? ሰዎች ስለ መጠጥዎ ሲናገሩዎ ተቈጥተው ያውቃሉ? በመጠጥዎ ተጸጽተው ያውቃሉ? ጧት እንደ ነቁ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ለማስታገሥ ወይም «የዞረ ድምር» ለማብረድ ጠጥተው ያውቃሉ? ከአራቱ ለሁለቱ አዎን የሚል ሰው መመርመር ይገባዋል፤ ለአራተኛው አዎን ያለ ደግሞ ፈጽሞ ብቻውን ሊያቆም አይገባውም። ይኸንን አራተኛውን ምልክት ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው አረቄ የምትሸጠዋ ሴት ናት። ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነውና ልንወቅሳት አልተነሣንም፤ በየማለዳው በሯን የሚያንኳኳው ደንበኛዋ ሁለት ቀን ሲቀርባት ግን ቤቱ ሰው ብትልክ መልካም ታደርጋለች።

በሶዶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ምርምር እንዳሳየው፣ መጠጥ ካወካቸው ሰዎች ከዐሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ሕክምና ፈልገው አያውቁም፤ ከዋና ዋናዎቹ መሰናክሎችም አንዱ ችግሩን በራሴ እወጣዋለሁ ማለት ነበር። ለአእምሮ ሕክምና አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ግዴታ የነበረበት ዘመን አልፏል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኰንኖች ይኸንን ሕመም ዐውቀው እንዲረዱ ሥልጠና ተጀምሯል።

በሽተኛው በቤት ሳለ ቢንፈራገጥ በጐኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ ዙሪያውን ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ ነው። በአፉ ማንኪያ መክተት ጥርስ ይሰብራል፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ምንም አይጠቅም። የሚቃዥ ከሆነ አይታሰር፤ መብራት ባለበት ክፍል የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በዝግታ ያነጋግረው፤ ሰውም ወዲያው መኪና ይፈልግ። መምህራን በሠፈራቸው እንዲህ ላለው ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚጠሩ፣ በሽተኛውን የሚያደርሰው ሰው ሦስት ነገር ዐውቆ እንዲሄድ ቢያደርጉ ሥራውን ያፋጥኑታል፤ የመጨረሻውን መለኪያ የጠጣው በስንት ሰዓት ነው? በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣ ነበር? ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ ያውቃል? ለሦስተኛው መልሱ አዎን ከሆነ፣ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እጁ ገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጉዞውን መጀመር ነው።