ፋው ላይ በረዶ የለም፣ የሞተር መድፈኛ ግን ይበሳል

ከመተማ ድንበር ተሻግሮ በገዳሪፍ በኩል ወደ ወድ መደኒ የሚነዳ ሾፌር ፋው የተባለችውን የሱዳን ከተማ ያልፋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሟን የሰሙት በ77ቱ ድርቅ በአካባቢዋ በተተከሉት የስደተኛ ካምፖች ነው። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል።

እንዲህ ባለ አገር የሞተር ውሃ በረዶ አይሆንም። ፈረንጆች «የበረዶ መድፈኛ» የሚሉት፣ ቆርኪ የመሰለው ክብ ብረት ግን እዚህም ይበሳል። ስሙ ነው የሚያሳስተው። የሞተር ብሎክ ከቀለጠ ብረት ሲሠራ የውሃው መተላለፊያ ቅርጽ የሚወጣው በአሸዋ ነው፤ አሸዋው የተራገፈባቸው ቀዳዳዎች በኋላ በነዚህ ክዳኖች ይደፈናሉ። ስስ ብረት ስለሆኑ ዝገት ከብሎኩ ቀድሞ የሚበሳው እነሱን ነው።

ዝገቱን የሚያመጣው ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ነው። በፋው ዙሪያ ያለው የራሃድ መስኖ እርሻ በፓምፕ ከአባይ ውሃ ይስባል፤ አባይ ደግሞ በክረምት የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። የቸገረው ሾፌር ከቦይ ቀድቶ ቢሞላ ደለሉ ብሎኩ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ከሥሩም ብረቱ ይበላል።

ከተበሳው መድፈኛ የሚወጣው ጠብታ የጋለ ሞተር ላይ ስለሚተን መሬት ላይ ውሃ ላይታይ ይችላል። ሾፌሩ በየጠዋቱ ውሃ ይጨምራል፤ የት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ምልክቱ ከመድፈኛው ሥር ወደ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ነው።

ለመቀየር ሞተሩ እስኪበርድ ተጠብቆ ውሃው ይወርዳል። የመድፈኛው አንድ ጠርዝ በመዶሻ ሲመታ ሌላው ጠርዝ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያን ጊዜ በፒንሳ ተይዞ ይጎተታል። ወደ ውስጥ እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀዳዳው በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ልኩ የሆነው አዲስ መድፈኛ ጠርዙ ማጣበቂያ ተቀብቶ ሳይጋደል ተመትቶ ይገባል። የነሐስ መድፈኛ ከተራው ብረት ይልቅ ዝገትን ይችላል።

አሮጌው ውሃ ተመልሶ ከገባ ግን ሥራው ግማሽ ነው። ብሎኩ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣው ታጥቦ፣ እኩል በእኩል በተቀላቀለ ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ መሞላት አለበት። አንዳንድ ሞተሮች ከካምቢዮው በስተጀርባ የተደበቀ መድፈኛም አላቸው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ካምቢዮ መውረድ አለበት። ስለዚህ ለፍሪሲዮን ሥራ ካምቢዮ በወረደ ጊዜ እሱንም አብሮ ማየት ሁለተኛ የማውረጃ ወጪ ያስቀራል።