ያገለገለ የጀልባ ሞተር ለተከዜ

ከባሕር ዳር ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ በተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ ልታሰግሩ ላሰባችሁ የሰቆጣ ልጆች፦

ቀለሙን ተዉት፤ ሻጭ ሁሉ ይቀባል። የማርሽ ቤቱን የታችኛውን ቡሎን ላላ አድርጉና ዘይቱን በጣታችሁ ተቀበሉ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተመለሱ።

በደረቁ ግን እንዳታስነሱት! የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ወዲያው ይቃጠላል። እግሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩት። ተነስቶ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ካልተፋ አጥፉት። ብዙ ቆሞ ከነበረ አሮጌውን ቤንዚን ድፉ፣ ካርቡሬተሩን እጠቡ፣ ካንዴላ ቀይሩ።

ሰው የሚረሳው ከፍታውን ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የተከዜ ሐይቅ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለጣና ስስ አየር የቤንዚን ቀዳዳው የጠበበ ካርቡሬተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። በባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቅባትም ያንሳል፤ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። (አንድ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት እንዲህ አቃጥዬ ነው የተማርኩት።) ሰቆጣ ላይ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ፣ ሲሞከር ደግሞ ቢያጨስና ቢያስል አትደንግጡ፤ ፍርዱን ሐይቁ ዳር ስጡ።

እዚያ አሥር ደቂቃ ንዱት፣ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከነጣ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አስገቡለት።